ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል? ሰዎች በቡድን ውስጥ የሚገማመቱበት፣ የሚማማሩበትና የሚመሳሰሉበት መንገድ

ሰው ለብዙኃን እንዴት እንደሚሸነፍ ሲወራ አንድ ሙከራ ሳይነሣ አይቀርም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ወጣት ተማሪዎች የመሥመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽሩ ተጠየቁ። አብረዋቸው የተቀመጡት ሁሉ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከአራት ተማሪዎች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ አብረው ተሳሳቱ። ይህ ቁጥር በየንግግሩ ይጠቀሳል፤ ከኋላው የሚከተለውም መደምደሚያ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሰው መንጋ ነው፣ ወደ ነዱት ይነዳል።

ቁጥሩ ትክክል ነው። መደምደሚያው ግን ከቁጥሩ አይወጣም። በዚያው ሙከራ፣ ሌሎቹ ሆን ብለው በተሳሳቱባቸው ዙሮች ተማሪዎቹ ከሰጧቸው መልሶች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ትክክለኛ ነበሩ፤ ከአራት ተማሪዎች አንዱ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አልተበገረም። ይህኛውን ግማሽ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው።

ሌሎችን መገመት፣ ከእነርሱ መማርና ከእነርሱ ጋር መመሳሰል የተያያዙ ሦስት ነገሮች ናቸው። ሦስቱንም የሚያስቸግራቸው አንድ እውነት አለ፦ የሰው ልብ አይታይም። የሚታየው አድራጎቱ ነው። ስለ ሌሎች እናውቃለን የምንለው አብዛኛው ነገር ከአድራጎታቸው የተገመተ ነው፤ እነርሱም ስለ እኛ የሚያውቁት እንዲሁ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውን ለመገመት ስንት ጊዜ ይበቃናል?

የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ይበቃል። በ2006 ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማይታወቁ ሰዎችን ፊት ለዚያች ቅጽበት ብቻ አሳይተው፣ ሰውየው የሚታመን፣ ብቃት ያለው ወይም ግልፍተኛ ይመስል እንደሆነ ጠየቁ። መልሶቹ፣ ሌሎች ሰዎች ያለ ጊዜ ገደብ ፊቶቹን ተመልክተው ከሰጡት ግምት ጋር በጣም ተቀራረቡ። ተጨማሪ ጊዜ ያገኙት ተሳታፊዎች ዘንድ በዋናነት የጨመረው በራሳቸው ፍርድ ላይ ያላቸው መተማመን ነበር። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ይህ ሁሉ የሚያሳየው ሰዎች አንድ ዓይነት ፊት አይተው አንድ ዓይነት ነገር እንደሚገምቱ ነው። ግምቱ ስለ ባለ ፊቱ እውነት ይሁን አይሁን ሌላ ጥያቄ ነው።

የምንገምተውስ ምኑን ነው? የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሱዛን ፊስክና ባልደረቦቿ በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ሌሎችን የምንመዝንባቸው ነገሮች በሁለት ይጠቃለላሉ፦ ይህ ሰው ምን አስቦልኛል? ያሰበውንስ ማድረግ ይችላል? ቀናነትና ብቃት ማለት ነው። ቀና ግን ብዙ የማይችል የሚመስለን ሰው ያሳዝነናል፤ ብቃት ያለው ግን ቀና ያልመሰለን ሰው ያስቀናናል፣ ያሠጋናልም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሕተት የበለጠ ሥር የሰደደ ነው። በ1967 ኤድዋርድ ጆንስና ቪክተር ሃሪስ ስለ ፊደል ካስትሮ የተጻፉ ጽሑፎችን ለተማሪዎች አስነበቡ። አንዳንዱ ጽሑፍ ካስትሮን ይደግፋል፣ አንዳንዱ ይቃወማል። ለአንባቢዎቹ፣ ጸሐፊው የትኛውን ወገን እንደሚደግፍ ራሱ እንዳልመረጠና ታዝዞ እንደጻፈ በግልጽ ተነገራቸው። ይህን እያወቁም ካስትሮን ደግፎ የጻፈው ሰው በልቡም ደጋፊ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ይህ ዝንባሌ በኋላ መሠረታዊው የምክንያት አሰጣጥ ስሕተት የሚል ስም ተሰጠው። በቀላሉ ሲነገር፣ ሰው ሁኔታው አስገድዶት ያደረገውን ነገር ከጠባዩ የመነጨ አድርጎ መውሰድ ነው። ሌላው ሲያረፍድ ዝርክርክ ስለሆነ ነው፤ እኛ ስናረፍድ መንገዱ ተዘግቶ ነው።

ይህን ስሕተት በልቦናችን እንያዘው፤ ቆይቶ ስለ ዝምታ ስንነጋገር ያስፈልገናል።

ከማን ነው የምንማረው?

ካገኘነው ሁሉ አንማርም። ጆሴፍ ሄንሪክና ፍራንሲስኮ ጊል-ዋይት በ2001 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ሰዎች በቡድን ውስጥ ከፍ የሚሉባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ጉልበት ነው፤ የሚፈራ ሰው ይታዘዙታል፣ ከዐይኑም ይሸሻሉ። ሁለተኛው ክብር ነው፤ አንድ ነገር አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ሌሎች ወደው ይጠጉታል፣ ያዩታል፣ ይሰሙታል፣ አነጋገሩን እንኳ ይቀዳሉ። መማር የሚካሄደው በዋናነት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሙያ ሲከበር፣ ከሙያው ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ጉዳይ ላይ የሚናገረውም ክብደት ያገኛል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ይህን የሚመስል ነገር ያስተዋለው በ1920 ነው፤ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ቁመና፣ ዕውቀት፣ የመምራት ችሎታና ጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ሲጠየቁ፣ በአንዱ ከፍ ያለ ነጥብ የሰጡትን ሰው በሌላውም ከፍ አደረጉት።

ሰው ከሌላው ሲማር ምን ያህል በጭፍን እንደሚቀዳ ያሳየ አንድ ደስ የሚል ሙከራ አለ። ቪክቶሪያ ሆርነርና አንድሩ ዋይተን በ2005 ባወጡት ጥናት ሽልማት የተደበቀበት ሣጥን አዘጋጁ። አሳዪዋ መጀመሪያ ከላይ ባለው ቀዳዳ በዘንግ ትጎረጉራለች፤ ይህ ለምንም አይጠቅምም። ከዚያ የፊተኛውን በር ከፍታ ሽልማቱን ታወጣለች። ሣጥኑ ውስጡ የማይታይ ሲሆን፣ በኡጋንዳዋ የንጋምባ ደሴት መጠለያ ያሉ ወጣት ቺምፓንዚዎች ሁሉንም እርምጃ ደገሙ። ሣጥኑ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ የላይኛው ጉርጎራ ከንቱ መሆኑ በግልጽ ሲታይ ግን እርሱን ትተው በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ። የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት በሁለቱም ሣጥኖች ሁሉንም ደገሙ፤ ከንቱውን ጉርጎራ ጭምር።

ይህን ሰምቶ በሕፃናቱ መሳቅ ይቻላል። ነገር ግን ሰው ከሰው የሚማረው አብዛኛው ነገር ለምን እንደሚሠራ የማይታይ ነው። መርዛማ ሥርን አጥቦና ቀቅሎ ለምግብ ማብቃትን የሚማር ልጅ የትኛው እርምጃ መርዙን እንደሚያስወጣ አያውቅም፤ አስተማሪውም ላያውቅ ይችላል። ከንቱ የመሰለውን እርምጃ የሚዘል ብልኅ ልጅ ሊመረዝ ይችላል። ሁሉንም መቅዳት እንዲህ ባለ ቦታ ያዋጣል።

መቅዳት በአጠቃላይ ምን ያህል እንደሚያዋጣ የታየው በኮምፒውተር ውድድር ነው። በ2010 ውጤቱ በታተመው በዚህ ውድድር 104 ተሳታፊ ስልቶች ቀርበው ነበር፤ ለአሸናፊው 10,000 ዩሮ ተዘጋጀ። እያንዳንዱ ስልት በየዙሩ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ አዲስ ነገር ራሱ መሞከር፣ ሌላውን አይቶ መቅዳት፣ ወይም የሚያውቀውን ሠርቶ ማትረፍ። አሸናፊው ለመማር ሲፈልግ በራሱ የሚሞክረው ከስንት አንዴ ነበር፤ ይቀዳል። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ሰዎች በአደባባይ የሚያደርጉት ካወቋቸው ነገሮች የተሻለውን ነው፤ ስለዚህ የሚቀዳው ሰው የሚያገኘው አስቀድሞ የተጣራ ነገር ነው።

በ1988 አላን ሮጀርስ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ያሳየው ግን ይህ ትርፍ ልክ እንዳለው ነው። ሁሉም ቀጂ ከሆነ የሚያጣራ ሰው አይኖርም፤ ሁኔታዎች ሲለወጡም መለወጣቸውን ማንም አያውቅም። ቀጂ የሚያተርፈው ሌላ ሰው የመሞከርን ወጪ እስከከፈለ ድረስ ነው።

ዐይናችን ያየውን ትተን የሌሎችን ለምን እንናገራለን?

ወደ መሥመሮቹ እንመለስ፤ ከእነርሱ በፊት የነበረውን ሙከራ ግን አንዝለለው። ቱርክ የተወለደው ሙዛፈር ሸሪፍ በ1935 ሰዎችን ፍጹም ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ አንዲት የብርሃን ነጥብ አሳያቸው። ነጥቧ አትንቀሳቀስም፤ በጨለማ ውስጥ ግን ለዐይን የምትንቀሳቀስ ትመስላለች። ምን ያህል ተንቀሳቀሰች ተብለው አንድ ላይ ሲጠየቁ፣ መጀመሪያ ላይ የተራራቁት ግምቶች ቀስ በቀስ ተቀራርበው የቡድኑ የጋራ ልክ ሆኑ። በኋላ ለየብቻ ሲጠየቁም ያንኑ ልክ ይዘው ቀጠሉ። እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። እርግጠኛ መሆን በማይቻልበት ቦታ የሌላው ግምት ማስረጃ ሆኖ አገለገለ።

የመሥመሮቹን ሙከራ ያደረገው ሰለሞን አሽ የፈለገው ተቃራኒውን ነበር፦ መልሱ ፍንትው ብሎ የሚታይ ጥያቄ። አንድ ካርድ ላይ አንድ መሥመር፣ ሌላው ላይ ሦስት መሥመሮች አሉ፤ ከሦስቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው? ለብቻቸው የተጠየቁ ሰዎች የሚሳሳቱት ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዎች ግን እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነው፤ የቀሩት አስቀድመው ተነግሯቸዋል። ተፈታኙ የሚቀመጠው ወደ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ነገሩ እንዲያውም አሰልቺ ይመስላል። ከዚያ አንደኛው ሰው በረጋ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛውም ያንኑ። ሦስተኛውም። ተፈታኙ ወደ ካርዱ ያጎነብሳል፣ ዐይኑን ያጠብባል፣ የአፍረት ፈገግታ ያሳያል፤ ተራው ይደርሰዋል።

ከ18ቱ ዙሮች በ12ቱ እንዲህ ሆነ። በእነዚህ ዙሮች ከተፈታኞቹ መልሶች 37 ከመቶ ያህሉ ብዙኃኑን የተከተሉ ነበሩ።

በኋላ አሽ ተፈታኞቹን አነጋገራቸው። ከተሸነፉት አንዳንዶቹ እነርሱ ተሳስተው ሌሎቹ ልክ እንደሆኑ ወዲያው ደመደሙ። ሌሎች ውጤቱን ላለማበላሸት አብረው ሄዱ። የባሰባቸው ደግሞ አንድ ጉድለት ያለባቸው መስሏቸው ያንን ለመደበቅ ነበር የተስማሙት። አንድ ዓይነት መልስ፣ ሦስት የተለያየ ልብ።

ሞርተን ዶይችና ሃሮልድ ጄራርድ በ1955 ይህን በሁለት ከፈሉት። አንደኛው በማስረጃነት መከተል ነው፤ ሌሎቹ እኔ ያላየሁት ነገር አይተው ይሆናል። ሁለተኛው በይሉኝታ መከተል ነው፤ ልክ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ ግን የተለየሁ መሆን አልፈልግም። የመጀመሪያው የሰውን ሐሳብ ይለውጣል፣ ሁለተኛው አፉን ብቻ። ከውጭ ሲታዩ ግን መንትዮች ናቸው፤ ዋናው ጣጣም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሽ ሁኔታዎቹን እየለዋወጠ ያገኘው ነገር ከዋናው ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል። ተቃራኒው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ተፈታኙ ከቁብ አልቆጠረውም። ሦስት ሲሆኑ ጫናው ሙሉ ለሙሉ ተሰማ፤ ከዚያ በላይ ቁጥር ቢጨመር ብዙ ለውጥ አላመጣም። ከሁሉ የሚገርመው የአንድ ሰው መኖር ነው። ከብዙኃኑ መካከል አንድ ሰው ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ የተፈታኙ ስሕተት ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። የሚለየው ሰው ራሱ ሌላ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንኳ ጫናው ቀነሰ። እንግዲህ የሚያስጨንቀው የሰዎቹ ብዛት ሳይሆን አንድ ቃል መሆናቸው ነበር።

ታዲያ ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ማለት ነው?

በ1968 ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ ተማሪዎችን አንድ ክፍል ውስጥ መጠይቅ ሲያስሞሉ በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ለቀቁባቸው። ብቻውን የነበረ ሰው ነገሩን ይመረምራል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ወጥቶ ይናገራል፤ ከአራቱ ሦስቱ እንዲህ አደረጉ። ሆን ብለው ቸል ከሚሉ ሁለት ሰዎች ጋር የተቀመጡት ግን ከአሥር የተናገረው አንድ ብቻ ነበር። የቀሩት ሳሉ፣ ዐይናቸውን አሹ፣ ጭሱን በእጃቸው አራገቡ፣ መጠይቁንም መሙላት ቀጠሉ። በኋላ ሲጠየቁ ለጭሱ ልዩ ልዩ ምክንያት ሰጡ፦ እንፋሎት ነው፣ የአየር ማቀዝቀዣው ነው። ሁለቱማ ሰውን እውነት የሚያናግር ጋዝ መስሏቸው ነበር።

በጣም የሚያስተምረው ሦስተኛው ዓይነት ነው። ሦስቱም ምንም የማያውቁ እውነተኛ ተፈታኞች ሲሆኑ፣ ከቡድኖቹ ጭሱን ያሳወቁት 38 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እዚህ ውስጥ አታላይ የለም። እያንዳንዱ ሠግቷል፤ ግን እንዳይታይበት ረጋ ብሎ ሌሎቹን ያያል። ሌሎቹም ረጋ ብለው እርሱን ያያሉ። ቅድም የጠቀስነው ስሕተት አሁን ሥራውን ይሠራል፦ የራሴ መረጋጋት የይሉኝታ መሆኑን አውቃለሁ፣ የሌላው መረጋጋት ግን ከልቡ ይመስለኛል። ሁሉም የሚጠራጠሩት ነገር ማንም የማይጠራጠረው መስሎ ይቆያል። የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን የጋራ አለማወቅ ይሉታል።

ነገሩ ከጭስ አልፎ ኑሮን ይነካል። በ2020 በታተመ ጥናት ሊዮናርዶ ቡርዝቲንና ባልደረቦቹ ሪያድ ውስጥ ወጣት ባለትዳር ወንዶችን ሴቶች ከቤት ውጭ ስለ መሥራታቸው በሚስጥር ጠየቁ። አብዛኞቹ እንደሚደግፉ ተናገሩ። ጎረቤቶቻቸው ምን እንደሚያስቡ ሲጠየቁ ግን፣ ድጋፉ ከእውነቱ በጣም ያነሰ አድርገው ገመቱ። ተመራማሪዎቹ ለግማሾቹ ትክክለኛውን ቁጥር ነገሯቸው፤ ሌላ ስብከት አልጨመሩም። እውነቱን ያወቁት ወንዶች ሚስቶቻቸውን ለሥራ ፍለጋ አገልግሎት በብዛት አስመዘገቡ፤ ከወራት በኋላም ሚስቶቻቸው ከቤት ውጭ ላለ ሥራ የማመልከታቸው ዕድል ከፍ ብሎ ተገኘ። የማንም አቋም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስለ ሌሎች አቋም ያላቸው ግምት ነው።

አዲስ የገባ ሰው ለምን ቶሎ ይለወጣል?

አዲስ ገቢ ነባሮቹን መምሰሉ ከሰውም ያልፋል። ኤሪካ ቫን ደ ቫል በ2013 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዱር ጦጣዎች ሮዝና ሰማያዊ ቀለም የተነከረ በቆሎ አቀረበች። በአንዱ ቡድን ሮዙን፣ በሌላው ሰማያዊውን መራራ አደረገችው፤ ጦጣዎቹም የማይመረውን ለዩ። በኋላ ምሬቱ ከሁለቱም ሲጠፋ ልማዱ ቀጠለ፤ ግልገሎች እናታቸው የምትበላውን ቀለም መረጡ። ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሄዱ ወንዶች፣ በቀድሞ ቡድናቸው መራራ መሆኑን የሚያውቁትን ቀለም ሁሉ ሳይቀር አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው እንደሚያደርጉት መብላት ጀመሩ። ልማዱን ያልለወጠው አንድ ብቻ ነበር። እርሱም በአዲሱ ቡድን እንደገባ የበላይነቱን የያዘው ነው። እንደ ንጉሡ አጎንብሱ የሚባለው ለካ ንጉሡን አይመለከትም።

ብዙኃን ሲፈርዱስ ልክ ናቸው?

ለየብቻ ካሰቡ፣ ብዙ ጊዜ። ፍራንሲስ ጋልተን በ1907 የጻፈው ታሪክ የታወቀ ነው፦ በእንግሊዟ ፕሊመዝ በተደረገ የከብት ትርኢት ሰዎች አንድ በሬ ታርዶ የሚወጣውን ክብደት በየካርዳቸው ጽፈው ሰጡ። የ787ቱ ካርዶች መካከለኛ ግምት 1,207 ፓውንድ ነበር፤ ትክክለኛው ክብደት 1,198። ልዩነቱ ከመቶ አንድ አይሞላም። አንዱ አብዝቶ ሲሳሳት ሌላው አሳንሶ ስለሚሳሳት ስሕተቶቹ ይጣፋሉ።

ይህ እንዲሆን ግን ካርዶቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ማንም የማንንም ማየት የለበትም። ፈተና ላይ ሠላሳ ተማሪዎች ከአንዱ ቢቀዱ ሠላሳ ወረቀት ይሰበሰባል እንጂ ሠላሳ መልስ አይገኝም። በ2011 ዙሪክ ውስጥ 144 ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህንኑ አሳየ፤ የሌሎችን ግምት እንዲያዩ የተደረጉት ተማሪዎች ግምታቸው ተቀራረበ፣ ወደ እውነቱ ግን አልቀረበም። መተማመናቸው ግን ጨመረ።

የሙዚቃ ገበያውም ከዚህ አያመልጥም። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ዳንከን ዋትስ በ2006 ለ14,341 ሰዎች ያልታወቁ ባንዶች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች በኢንተርኔት አቀረቡ። ከፊሎቹ ለብቻቸው መረጡ። የቀሩት በስምንት ቡድን ተከፍለው፣ በየቡድናቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተወሰደ እያዩ መረጡ። በጣም ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፣ በጣም ደካሞቹም እምብዛም አልተነሡም፤ የመካከሎቹ ዕጣ ግን መጀመሪያ የገቡት ጥቂት ሰዎች ባነሡት ዘፈን ተወሰነ። ለብቻቸው የመረጡት 26ኛ ያደረጉት አንድ ዘፈን በአንዱ ቡድን አንደኛ፣ በሌላው 40ኛ ወጣ።

ጥቂቶች ብዙኃኑን መለወጥ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ግን ቀላል አይደለም። ሰርዥ ሞስኮቪቺ በ1969 ስድስት ሰዎች ባሉባቸው ቡድኖች ውስጥ ሁለት ሰዎች ሰማያዊውን አረንጓዴ ነው እንዲሉ አደረገ። ሁለቱ ሳያወላውሉ ሲጸኑ ከሌሎቹ መልሶች 8 ከመቶ ያህሉ ወደ እነርሱ ሄዱ፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሲሉ ግን ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ። ዴመን ሴንቶላና ባልደረቦቹ በ2018 ባደረጉት ሙከራ ደግሞ አንድ ስያሜ ላይ የተስማሙ ቡድኖች ውስጥ አዲስ ስያሜ የሚያራምዱ ሰዎችን አስገቡ። ቁጥራቸው ከቡድኑ ሩብ ገደማ እስኪደርስ ድካማቸው ፍሬ ያጣ ይመስል ነበር፤ ያን ሲያልፉ አብዛኛው ባንድ ጊዜ ወደ እነርሱ ዞረ። ሙከራው ግን የሚያከራክር ጥቅም በሌለበት ስያሜ ላይ የተደረገ ነው። ሩብ የሚለውን ቁጥር ለፖለቲካ እንደ ሕግ የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ይዘሉታል።

ስብሰባ የሚመራ ሰው ከዚህ ምን ያገኛል?

በመጀመሪያ፣ “ተቃውሞ ያለው?” ብሎ ጠይቆ ዝምታ ሲያገኝ ምን እንዳገኘ አያውቅም። በአሽ ሙከራ ተፈታኙ የሌሎቹን መልስ እየሰማ የራሱን በወረቀት እንዲጽፍ ሲፈቀድለት ስሕተቱ በእጅጉ ቀንሷል፤ ስለዚህ ከውይይት በፊት እያንዳንዱ ሐሳቡን ጽፎ ቢሰጥ የጋልተን ካርዶች እንደገና ተሰበሰቡ ማለት ነው። ሁለተኛው የንግግር ተራ ነው። አለቃው ቀድሞ ከተናገረ በኋላ የሚሰማው ከእርሱ ሐሳብ የተቀዳ ይሁን አይሁን የሚለይበት መንገድ የለውም።

ይህን ለማወቅ ደግሞ ላቦራቶሪ አላስፈለገም። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የጦር ፍርድ ቤት ድምፅ መስጠት የሚጀምረው በማዕረግ ከሁሉ የሚያንሰው መኮንን ነበር። የጥንቱ የአይሁድ ሸንጎ ሥርዓት ደግሞ ይበልጥ ይለያል፦ በሌላ ጉዳይ ታላቁ ዳኛ ቀድሞ ይናገር፣ የሰው ነፍስ ያለበት ክርክር ሲሆን ግን በጎን የሚቀመጡት ታናናሾቹ ይጀምሩ ይላል።